አራት መቶ አሥራ ሁለት ተራ ጠባቂዎችና አንድ «አዎ»

ጥር 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው። እኛ ደህና ነን። እናቴን ወገቧን አመም ቢያደርጋትም ምላሷ ደህና ነው፤ «ወንድሜ ጻፈ ወይ?» እያለች ቀኑን ሙሉ ትነዘንዘኛለች። ጆሮዎ ስልክ አልቀበል ካለ ወዲህ በጽሑፍ ብቻ መገናኘታችንን አትወደውም፤ ድምፁን ካልሰማሁ ምኑን አወራሁት ትላለች። ይህን የምጽፍልዎ ከሆስፒታሉ ማዶ ካለው ኮፒ ቤት ሆኜ፣ በምሳ ሰዓቴ ነው። በኢሜይል ስለምልከው እንዳዩት ቢመልሱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

እንደሚያውቁት የምሠራው በዓይን ሕክምናው የካርድ ክፍል ነው። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ሁላችንም ጋሼ ዝርዝር ነው የምንላቸው። ሥራውን ከሀ ጀምሮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁትን ሰዎች ዝርዝር የሚይዙትም እሳቸው ናቸው፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ከነስልኩ፣ ከነቀጠሮው፣ ከነዓይኑ ፎቶ፣ ሁሉም ዋናው ማሽን በምንለው ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ትልቅ ፋይል። ማንም እንዳይነካካባቸው ቆልፈውታል፤ ሌላው ሰው ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያ ፋይል ከማህደሩ ጠፍቶ ተገኘ።

ዳይሬክተሩ ብዙም አልተመራመሩም። የቆለፈው እሱ፣ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ፣ ከእሱ ሌላ ማን ሊያጠፋው ይችላል ብለው ጋሼ ዝርዝርን ከሥራ አገዷቸው። የካቲት 5 ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ያኔ ይባረራሉ እየተባለ ነው። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አራት ወር ነው። ሲወጡ ኮታቸውን ረስተው ሄዱና እኔ ተከትዬ በር ላይ ሰጠኋቸው፤ አመሰግናለሁ ብቻ አሉኝ።

ቅጂ የለም። ቅጂው የሚቀመጥበት ዲስክ ከሞላ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ለሚመለከተው ተጽፎ ነበር፣ የሚመለከተው አልተመለከተም። የሚገርመው ደግሞ፣ ያ ሁሉ ፎቶ ያለበት ፋይል ተሰርዞ እንኳ የዋናው ማሽን ክፍት ቦታ ከመሰረዙ በፊትም ከተሰረዘ በኋላም ያው ነው። ቅንጣት አልጨመረም።

አጎቴ፣ እርስዎ ዕድሜዎን የፈጁት በዚህ ሥራ ነው። የተሰረዘ ፋይል ይመለሳል? ከተመለሰ እኮ ጋሼ ዝርዝርም ይመለሳሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

---

ጥር 8

የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ ይህን አንብቢ። ያን ማሽን ማንም እንዳያጠፋው። ማንም። ዳይሬክተሩም ቢሆኑ፣ ጽዳትም ብትሆን፣ አንቺም ብትሆኚ።

አሁን ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለእህቴም። ወገቧን በሞቀ ውሃ ታሽ፤ እምቢ እንደምትል አውቃለሁ።

ሰው ሁሉ ፋይል አጠፋሁ ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት በኦፐሬቲንግ ሲስተም ሆድ ውስጥ ስሠራ ግን ፕሮግራም ለሲስተሙ ከሚያቀርባቸው ጥሪዎች መካከል «ፋይል አጥፋ» የሚባል አላየሁም። ሰርዝ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ትእዛዝ ሲሰጠው በገዛ እጁ ምንም አይነካም። ሲስተሙን ይለምናል፤ የሚለምነውም ይህን ስም ከዚህ ማህደር ፍታልኝ ብሎ ነው። ስሙን ነው የሚያስፈታው እንጂ ፋይሉን አይደለም።

ማህደር ስትሉ ፋይሎቹን በሆዱ የያዘ ሣጥን ይመስላችኋል። አይደለም። ካርድ ክፍላችሁ በር ላይ ያለውን መዝገብ አስቢው፤ ስም፣ ከጎኑ የመደርደሪያ ቁጥር። ማህደር እሱ ነው። ስም ሲፈታ ከመዝገቡ አንድ መስመር ይፋቃል፣ ካርዱ ግን መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከዚያ ሲስተሙ ዞር ብሎ ሁለት ነገር ያጣራል። ይህን ካርድ የሚጠራ ሌላ ስም አለ? አሁን ካርዱን ገልጦ የያዘ አለ? ሁለቱም የለም ከሆነ ካርዱ ይወርዳል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። አንዱ እንኳ አለ ከሆነ ካርዱ ያለ ስም ይኖራል። ፈልገሽ አታገኚውም፣ ግን አለ።

ክፍት ቦታው አልጨመረም ያልሽው ነገር ነው ከተቀመጥኩበት ያስነሳኝ። ያልጨመረው ካርዱ ስላልወረደ ነው። አንድ ፕሮግራም ገልጦ ይዞታል። ማሽኑ ከጠፋ ግን ያ ፕሮግራም ይሞታል፣ የያዘውንም ይለቃል፤ ያኔ እኔን ሳይሆን ፈጣሪን ነው የምትለምኚው። የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ፈልጊና ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ። ክፍቱ ቦታ ከመሰረዙ በፊት ስንት እንደነበር ማን አይቶ ነው?

አጎትሽ

---

ጥር 10

ለምወድዎ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ክፉ አይንካብኝ። ደብዳቤዎን እዚያው ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት። የኮፒ ቤቱ ሰውዬ አሞሽ እንደሆነ ውሃ ልስጥሽ አለኝ።

ፕሮግራሙን ያገኘሁት መሰለኝ። በመጠበቂያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የዕለቱን ስድስት ተራዎች ከዚያው ፋይል እያነበበ የሚያሳይ ስክሪን አለ፤ ድሮ የነበረ ባለሙያ የሠራው ነው። ዓይኑን ለታመመ ሰው በግድግዳ ላይ ጽሑፍ! ታካሚዎቹ አያዩትም፣ እኛ ደግሞ ቀና አንልም። ተራ የሚጠራው ጥበቃው ነው፣ ከጋሼ ዝርዝር በብጣሽ ወረቀት ተቀብሎ። እሳቸው ከታገዱ ጀምሮ ዳይሬክተሩ ሰዉ እንዳመጣጡ ይግባ ብለዋል፤ እናም ሁለት ዓመት የጠበቁ ሰዎች ትናንት የመጡት ሲገቡ ያዳምጣሉ። ዛሬ ጠዋት ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁት። ይሠራል። የዛሬን ስድስት ተራ በትክክል ይዟል፤ አንዱን ቁጥር ጋሼ ዝርዝር ለዛሬ ሲቀጥሩት አጠገባቸው ስለነበርኩ አስታውሰዋለሁ። የሌለ ፋይል እያነበበ ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርዎ። ማሽኑ ጥር 18 ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዛወራል ተብሏል። ለመዛወር መጥፋት አለበት። የጥገና ባለሙያችን ደግሞ አጥፋ-አብራ ነው የሚባለው፤ ለማንኛውም በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ «አደራ አይጠፋ» ብዬ በወረቀት ለጥፌያለሁ። ማን ለጠፈው ብሎ ሲጠይቅ እኔ ካርድ መደርደሬን ቀጠልኩ።

እንዴት አድርገን ነው ከፕሮግራሙ እጅ የምንወስደው? ቶሎ ይጻፉልኝ። ስምንት ቀን ነው ያለን።

የእህትዎ ልጅ

---

ጥር 15

አጎቴ፣

ደህና ነዎት? አምስት ቀን ሆነ፣ መልስ አጣሁ። እንዲህ ዘግይተው አያውቁም። እናቴ ጻፈ ወይ ስትለኝ አዎ ደህና ነው እላታለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ትናንት መብራት ሁለት ጊዜ ተርገበገበ። መጠባበቂያ ባትሪው ይጮህ ጀመር፣ እኔም ካርድ የያዘ ሰው ፊቴ አቁሜ ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጥኩ። አልጠፋም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ እዚያ ነው፤ በር ሲከፈት እንኳ ብድግ እላለሁ። የለጠፍኩትን ወረቀት ደግሞ አንድ ሰው ነቅሎታል። መልሼ ለጥፌያለሁ።

የጋሼ ዝርዝርን ባለቤት ገበያ ላይ አገኘኋት። ሰላም ስላት እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝና፣ «አንቺ እዚያው ነሽ፣ እውነቱን ታውቂያለሽ። እሱ ነው ያደረገው?» አለችኝ። እሳቸው እንዲህ አያደርጉም አልኳት። ይህንኑ ደጋግሜ አልኳት። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ መሰለኝ።

ሦስት ቀን ቀርቷል። ቢታመሙም እንኳ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

---

ጥር 17

የእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤታችሁ። ዘገየሁ። ምክንያቱ ይቆይሽ። ይህን የምትተይብልኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ናት፤ ፊደል ከተሳሳተ ጥፋቱ የእሷ፣ ሐሳቡ ከተሳሳተ የእኔ ነው። ይህን እንድትተይበው ግድ ብያታለሁ፣ እየሳቀች ነው።

ወደ ሥራው። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም አንድ ማህደር ይከፍታል፣ በቁጥር የተሰየመ። በዚያ ውስጥ ፕሮግራሙ ገልጦ የያዛቸው ፋይሎች ሁሉ ተደርድረው ይታያሉ። የስክሪኑን ፕሮግራም ቁጥር ፈልጉ፣ ማህደሩን ክፈቱ፣ ከያዛቸው ውስጥ አንዱ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ታያላችሁ። እሱ ነው። ከዚያ ላይ በቀጥታ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡት። ዋናው ዲስክ ላይ ቦታ አይበቃ ይሆናልና እዚያው አታድርጉት። ገልብጣችሁ፣ ከፍታችሁ፣ ሰዉን ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ስክሪኑን እንዳትነኩት። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ በሌላ ገጽ አያይዤልሻለሁ።

የማሽኑን ዋና የይለፍ ቃል የያዘው አጥፋ-አብራ ከሆነ እሱን መለመን ግድ ነው። ማጥፋት የሚወድ ሰው መሆኑን አትንገሪው፤ ከሆስፒታሉ ሁሉ ይህን ማድረግ የሚችል አንድ ሰው እሱ ብቻ መሆኑን ንገሪው። እውነትም ነው።

ባለፈው የጠየቅሁሽን ግን አልመለስሽልኝም። ክፍት ቦታን ከመሰረዝ በፊት የሚያይ ሰው፣ ቦታ ሊያስለቅቅ የተቀመጠ ሰው ነው። ሌላ አልጨምርም።

አጎትሽ

---

ጥር 20

ለአጎቴ፣ ፈጣሪ ለእኔ ብሎ ላቆየዎት፣

ተመለሰ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም፣ ከነፎቶአቸው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአሥራ ስምንት ጠዋት ነው፤ ጉልበት ሠራተኞቹ ጋሪ ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር። አጥፋ-አብራን ወደ ጎን ጠርቼ እንዳሉኝ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ የተሰረዘ ነገር ተሰርዟል አለኝ። ቀጥሎ ትእዛዞቹን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ ሰዎቹን ሻይ ጠጥታችሁ ኑ ብሎ ላካቸው። ምልክቱን ያየነው አብረን ነው። ፋይሉ ሲገለበጥ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ እሱም እኔም አልተቀመጥንም። የዝርዝሩን ሰዎች ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ጀመርኩ። ቆጥሬ ስጨርስ ማሽኑን እሱ ራሱ አጠፋው፣ በዝግታ።

ጋሼ ዝርዝር በማግስቱ የሚመለሱ መስሎኝ ጠረጴዛቸውን ጠርጌ ነበር። ነገሩ ግን ባሰ። ዳይሬክተሩ ፋይሉ ተገኘ ሲባሉ፣ «እንግዲያው ደብቆት ነበር ማለት ነው። ኮሚቴ ሲባል ፈርቶ መለሰው» አሉ። አጥፋ-አብራ ከስክሪኑ ፕሮግራም እጅ ነው የወሰድነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሌለ ፋይል እንዴት ይነበባል ብለው በነገሩ ሳቁበት። አሁን የሚወራው ሽማግሌው ለሚያውቋቸው ሰዎች ተራ ሊያሸጋሽጉ ነበር የሚል ነው። በፊት ቸልተኛ ነበሩ፣ አሁን ሌባ ሆኑ። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፋይሉን መመለሴን ማለቴ ነው።

አይደለም፣ ይህን ብቻ ማለቴ አይደለም።

አጎቴ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ይህን መስመር ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ዳይሬክተሩ የዋናው ማሽን ዲስክም ሞልቷል፣ የቆዩ ነገሮችን አስወግጂ አሉኝ። ክፍቱን ቦታ አይቼ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አንድ የቆየ ማህደር በሙሉ ላስወግድ ስል ሲስተሙ ባዶ አይደለም ብሎ እምቢ አለኝ። ደስ አለኝ። ይህ ማሽን የማይገባውን እምቢ ይላል፣ ይጠብቀኛል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እኛ በምንሠራበት ማህደር ያሉትን የቆዩ ፋይሎች አንድ በአንድ ልሰርዝ ጀመርኩ። የዝርዝሩ ስም ከቆዩት ስሞች ጋር ተመሳሳይ ነበር፣ ገና በመጀመሪያው ላይ ሳይታወቀኝ እሱን ጻፍኩት። ማሽኑም «ፋይሉ ተቆልፏል፣ ቢሆንም ይሰረዝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተቆልፏል የምትለዋን ቃል አየሁ፣ ጥያቄውን አላነበብኩትም። የተቆለፈ ከሆነ መቼም እምቢ ይላል ብዬ አዎ አልኩት። እምቢ አላለም።

ጋሼ ዝርዝር በዚያን ሰዓት ለአንዲት ሴትዮ የቀጠሮ ወረቀት እየጻፉ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። ዝም አልኩ፤ አንድ ሰዓት ዝም አልኩ፣ ከዚያ ፋይሉ ጠፋ ተባለና ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። በዚያች ሰዓት ብናገር ኖሮ ተቆጥተውኝ ያበቃ ነበር። አሁን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? እኔም እባረራለሁ፣ እናቴ ደግሞ ሌላ ደጋፊ የላትም። አላውቅም። ይስደቡኝና ምን እንደማደርግ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ

---

ጥር 28

ልጄ፣

ሰላሙን ያውርድልሽ፣ ልብሽንም ያሳርፈው። አልሰድብሽም። ለመሳደብ ትንፋሽ የለኝም፤ ይህንንም በተራ ነው የማወጣው። ከጥር 11 ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ልቤ ነው። ቀዶ ሕክምና ይደረግልኛል፣ ተራ እየጠበቅሁ ነው፤ እዚህም ግድግዳው ላይ ስክሪን አለ። ሰባተኛ ነበርኩ፣ ትናንት አራተኛ ሆንኩ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አምስተኛ። ለምን ወደ ኋላ ተመለስኩ ብዬ ስጠይቅ ዝርዝሩ ላይ እንዲህ ነው አሉኝ። ለእህቴ እንዳትነግሪያት። ዝርዝር ምን ማለት እንደሆነ ግን አሁን ከሌላው ወገን ሆኜ እያየሁት ስለሆነ ነገርኩሽ።

በመጀመሪያ ደብዳቤሽ ላይ አውቄብሽ ነበር። ልትነግሪኝ ስትደርሺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ። በዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ዝምታዬ አንቺን እንጂ ሽማግሌውን አልጠቀመም።

ስለ መቆለፉ ልንገርሽ፣ ዳይሬክተራችሁም አንቺም የተሳሳታችሁት እዚያ ላይ ነውና። ፋይል ሲቆለፍ የሚቆለፈው የውስጡ ጽሑፍ ነው። ስምን መፍታት ግን ፋይሉን መንካት አይደለም፤ ማህደሩን መንካት ነው፣ ከመዝገቡ መስመር መፋቅ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ የሚጠይቀው ይህ ሰው በመዝገቡ ላይ መጻፍ ይፈቀድለታል ወይ ብሎ ነው። ካርዱ በሰባት ቁልፍ ቢቆለፍም መዝገቡ ላይ እስክሪብቶ የሚያሳርፍ ሁሉ ስሙን ሊሰርዘው ይችላል። ጋሼ ዝርዝር ይቆልፉት እንጂ፣ ሊያጠፉት የሚችሉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በዚያ ማህደር መጻፍ የተፈቀደለት ሰው ሁሉ ይችላል። ማህደሩ ባዶ አይደለም ብሎ እምቢ ያለሽም ለአንቺ አስቦ አይደለም። ውስጡ ስሞች ያሉበት መዝገብ አይቀደድም፤ ሕጉ ያ ብቻ ነው።

ያቺን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ እኔም አፍራለሁ። እንደኔ ያሉ ሰዎች ናቸው የጻፏት፤ ለራሳችን ጻፍናት፣ አጭር እና ደረቅ አድርገን። ሌላ ሰው በሌላ አገር፣ ካርድ በያዘ ሰው ፊት ተቀምጦ ያነባታል ብለን አላሰብንም። ግን አዎ ያልሽው አንቺ ነሽ።

ለኮሚቴው የሚሆን አንድ ገጽ አያይዤልሻለሁ። የሥራ ታሪኬን፣ ስለ ማህደርና ስለ መቆለፍ የነገርኩሽን፣ ፋይሉ ከስክሪኑ ፕሮግራም እጅ እንዴት እንደተወሰደ፣ ማንም ሊያረጋግጠው የሚችልበትንም መንገድ ጽፌበታለሁ። ማን እንደሰረዘው አልጻፍኩም። ገጹ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። እኔ ብጽፈው ጠቋሚ እሆናለሁ፣ አንቺ ብትጽፊው ግን ምስክር ነሽ። ባዶውን ብትተዪውም ወረቀቱ ሽማግሌውን በግማሽ ያድናቸዋል፤ ግማሹን ምን ያደርጉታል እንጂ።

እስከ የካቲት 5 ላልጽፍልሽ እችላለሁ።

አጎትሽ

---

የካቲት 6

ለምሳሳልዎት አጎቴ፣

የሚያክሙዎትን እጆች ፈጣሪ ይምራቸው፤ ተራዎም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሂድ። ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ይቆጡኝ። ከእንግዲህ የሰው ነገር አፍኜ መቀመጥ አልችልም። አልቅሳ ስትጨርስ የልብስ ሰፊዋን ስልክ አምጪ አለች፤ ዛሬ ሳትደውልላት አትቀርም።

ትናንት ኮሚቴው ተቀመጠ። አምስት ሰዎች ነበሩ፣ ዳይሬክተሩ መሐል። ጋሼ ዝርዝር በር አጠገብ ባለች ወንበር ተቀምጠው ነበር፣ ያንኑ ኮት ለብሰው። ከስተዋል። እኔ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ነበር የተጠራሁት፤ ከእኔ ሌላ ፈጥኖ የሚተይብ የለም።

ወረቀትዎን እንዳነብ ፈቀዱልኝ። ስለ መዝገቡና ስለ ካርዱ ስደርስ አጥፋ-አብራ እንዲሞከር ጠየቀ። እዚያው ላፕቶፑ ላይ ፋይል ፈጠረ፣ ቆለፈው፣ በሌላ ሰው ስም ገብቶ ሰረዘው። ያው ጥያቄ መጣ፣ አዎ አለው፣ ፋይሉ ጠፋ። ዳይሬክተሩ አንዴ ድገመው አሉ። ደገመው። ከዚያ በዚያ ማህደር መጻፍ የሚችለው ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቁ። ሦስት አለ፤ ዳይሬክተሩ ራሳቸው፣ ጋሼ ዝርዝር፣ እና እኔ።

ባዶውን መስመር አልጻፍኩትም ነበር፣ አጎቴ። ጠዋት እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ፣ መልሼ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ግን ጣቴ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ፣ «እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ጥያቄውን ሳላነብ አዎ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ዝም አልኩ» አልኩ። ያልኩትን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት።

ዳይሬክተሩ ፋይሉ ተመልሶ ማንም ሳይጠይቅሽ አሁን ለምን ትናገሪያለሽ አሉኝ። ጥያቄያቸውንም ጻፍኩት። የሁለት ወር ደመወዝ እቀጣለሁ፣ ከዝርዝሩም እጄ ይነሳል፤ አልተባረርኩም። ቅጂ የሚቀመጥበት ዲስክም በአስቸኳይ ይገዛ ተባለ። ሰዎቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፣ አንዱ ተነሳ። ጉዳዩ አልቆ ነበር።

ጋሼ ዝርዝር አልተነሱም። «ይጻፍልኝ» አሉ። ዳይሬክተሩ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ፣ ሌላ ምን ይጻፋል አሏቸው። እሳቸውም በዝግታ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ፣ «አንድ ወር ሙሉ ባለቤቴ በየቀኑ፣ እውነት አንተ አይደለህም? ትለኝ ነበር። መጀመሪያ አልፈረድኩባትም። በኋላ እሷም መጠየቅ ተወች። እኔ አይደለሁም የሚል ወረቀት ማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ፣ ይዤው ቤቴ ልግባበት» አሉ።

ያን ወረቀት የምተይበው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው የለም። የዕለቱን ቀን ጻፍኩ፣ የሆስፒታሉን ቁጥር ጻፍኩ፣ «ይህ ደብዳቤ የተሰጣቸው» ብዬ ቆምኩ። አምስት ዓመት ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ በጠዋት ስገባ ደህና አደሩ፣ ስወጣ ደህና ያምሹ እያልኳቸው፣ ሙሉ ስማቸውን አላውቅም ነበር። ከጋሼ ዝርዝር ሌላ ብለን አናውቅም። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ስምዎን ማን ልበል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። አልተቆጡም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። መጥተው ከኋላዬ ቆሙና ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገሩኝ፤ ፊደል በፊደል፣ እንዳልሳሳት። ስጽፍም ስክሪኑን እያነበቡ ጠበቁ።

የእህትዎ ልጅ